የኦብሴ ክፍል ስንብት

ለውድ ልጄ ለኑኃሚን፣

እግዚአብሔር በሰው አገር ሞገስ ይሁንሽ፤ የምትሠሪላቸውን ሰዎች ልብ ያራራልሽ። እኛ ደህና ነን። አባትሽም ወገቡን ተሽሎት ሽንኩርት ሲያጠጣ ይውላል።

የእህትሽ የኦብሴ ነገር ግን ልቤን ሰበረው። ሰኔ ላይ አሥራ ሁለተኛ ክፍሎች ስንብት ብለው ወላጆችን ጠርተውን ነበር። ነጭ ሸሚዛቸው ላይ ተፈራርመው፣ ያሳለፉትን እያነሱ ሲሳሳቁ ዋሉ። አንዱ ልጅ ተነሥቶ፣ «የፊዚክስ መምህራችንን እናመሰግናለን፤ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አልተቆጡንም» አለ። መምህሩ እኮ ከእነጭራሹ ተመድቦላቸው አያውቅም። እኛም አብረን ሳቅን። ያኔ መጮኽ ነበረብን።

ውጤት ሲመጣ ከአርባ አንዱ ተማሪ አንድም አላለፈም። ኦብሴ አላለቀሰችም። «እማዬ፣ ኑኃሚንስ ከዚሁ ትምህርት ቤት ወጥታ አይደል ቤይሩት የገባችው?» ብላኝ የፓስፖርት ፎቶ ተነሥታ መጣች። እዚሁ ቅሪ እንዳልላት፣ ቀርተሽ ምን ሁኚ እላታለሁ?

በስልክ ያልነገርኩሽ እሷ ከአጠገቤ ስለማትጠፋ ነው። ይህንን ደብዳቤ ለእረፍት መጥታ አሁን ወደዚያ የምትመለሰው ጓደኛሽ ሻሼ ታደርስልኛለች። የምታጸጂበት በረኪና እጅሽን እንዴት እንዳቆሳሰለው የነገረችኝም እሷው ናት፤ አትቆጫት። አንቺ የምትልኪው ፎቶ ሁሉ ያማረ ነው፤ ኦብሴም እሱን እያየች ነው የምትመኘው።

ጌታ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ፣ በጤና ለቤትሽ ያብቃሽ። እባክሽ ልጄ፣ አንዴ የእጅሽን ፎቶ ላኪላት።

እናትሽ ጉዲቱ