በሽቦ ያሰርኩት ሳሙና

ሰኞ

ሽቦው ጣቴን ወጋኝ፤ ይሁን። ከረጢቶቹን ሁሉ ሰቅዬ ጨረስኩ።

እዚህ እስራኤል አገር፣ ኢትዮጵያ መንገድ በሚባለው ጎዳና ያሉት አሮጌ ሕንፃዎች ደረጃቸው ድንጋይ ነው፤ ድንጋይ ማጠብ ደግሞ እችልበታለሁ። ችግሩ በየመግቢያው «ለሻጭና ለለማኝ መግባት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ አለ። ባለፈው አንዱን በር ባንኳኳ አንድ ሽማግሌ እንደ ሌባ አባረሩኝ። ኔቬ ያዕቆብ ሰፈር ያለው ቤቴ እስክገባ ወደ ኋላ እየዞርኩ አይ ነበር። ስለዚህ ዛሬ ማንንም አላስቸገርኩም። ማምሻውን፣ ሰው ሳያየኝ፣ በየሕንፃው የውጭ በር ላይ አንዳንድ ከረጢት ሰቀልኩ። ውስጡ ስሜና ስልኬ ያለበት «ደረጃ አጥባለሁ» የሚል ወረቀት አለ። ወረቀት ብቻ መስጠት ግን አሳፈረኝ። ሰው ቤት ባዶ እጅ ይኬዳል? ራሴ የምበጠብጠውን አረንጓዴ ሳሙና በትንንሽ ጠርሙስ ጨመርኩበት። ነፋስ እንዳይወስደው በሽቦ ጠመጠምኩት።

ለባለቤቴ ለማሩ አልነገርኩትም። የመጀመሪያው ደንበኛ ሲደውል እነግረዋለሁ።

ማክሰኞ



ጠዋት ሰው ከረጢቶቼን አንስቶ እንደሆነ ላይ ብዬ ከአውቶቡስ ወርጄ ስደርስ መንገዱ ተዘግቷል። ፖሊስ በየቦታው። ሰዎች በሌሊት ልብሳቸው ጥግ ላይ ቆመዋል። እኔም እንደ ሰው ሁሉ ፈንጂ ነው ብዬ ልጆቼን አሰብኩ። ከዚያ ያቺ ፈንጂ የምታከሽፈው፣ በጎማ የምትሄደው ማሽን ወደ አንድ በር ስትጠጋ አየሁ። የኔ ከረጢት ነው። ጠርሙስ፣ ውስጡ ፈሳሽ፣ ዙሪያውን ሽቦ። ይህን እንዴት ቀድሞ አላሰብኩም?

ተኮሱበት። አጠገቤ የነበረች ሴት ልጇን አቅፋ አለቀሰች። የኔ ነው ማለት ነበረብኝ። ዞሬ ሄድኩ። መሮጥ እንኳ ፈራሁ።

ማሩ የሱፐርማርኬት በር ጠባቂ ነው፤ የሰው ቦርሳ ሲፈትሽ ነው የሚውለው። እራት ላይ «ዛሬ ከተማ ውስጥ ኼፌጽ ሐሹድ ነበረ አሉ፤ ሰምተሻል?» አለኝ። አጠራጣሪ ዕቃ ማለቱ ነው። «አልሰማሁም» አልኩት። ሳህኔን አንስቼ ወደ ማጠቢያው ሄድኩ።

ረቡዕ

ስልኩ ደጋግሞ ጠራ። አላነሳሁም። ደንበኛ ቢሆንስ? ፖሊስ ቢሆንስ? በመጨረሻ ገመዱን ነቀልኩት። ቁጥሬን በየበሩ ሰቅዬ አሁን ስልክ ነቅዬ ቁጭ ብያለሁ፤ ሰው ቢሰማ ይስቅብኛል።

የቀሩትን ከረጢቶች ላነሳ ሄድኩ። አንዱም የለም። ማን ወሰዳቸው ብዬ በድን ሆኜ እንደቆምኩ እማሆይ ጽጌ እዚያው መንገድ ላይ ካለው የኢትዮጵያ ገዳም በር ጠሩኝ። ሳልፍ ሳገድም ሰላም የምላቸው መነኩሲት ናቸው፤ እንደኔው የጎንደር ሰው ናቸው። እኔ ቤተ እስራኤል ብሆንም ልጄ ነው የሚሉኝ።

«ልጄ፣ ነጠላ የለበሰች ሐበሻ ናት የሰቀለችው ብሎ ጎረቤት ተናግሮ ፖሊስ እኛ ዘንድ መጣ» አሉኝ። «ከእኛ ነጠላ የማይለብስ ማን አለ? እህቶቻችን ከትናንት ወዲህ ከበር አልወጡም፤ ፈርተዋል።»

ነጠላዬን አየሁ። እሳቸውም አዩት።

«እማሆይ፣ እኔ ነኝ።»

«ምን ነበረበት?» አሉ።

«ሳሙና።»

ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ሊስቁ ይሁን ሊያለቅሱ አልገባኝም። «እንግዲያ ሄደሽ ንገሪያቸው፤ እኔ ብል ማን ያምነኛል» አሉኝ።

ሐሙስ

ማለዳ ለማሩ ነገርኩት። «ሽቦ? በሽቦ ነው ያሰርሽው?» አለ። እንደሚቆጣ ጠብቄ ነበር፤ እሱ ግን የጥበቃ ልብሱን ለበሰና «ፖሊስ ጣቢያ አብረን እንሂድ» አለኝ። ልብሱን ካዩ ያምኑናል ብሎ ነው።

መንገድ ላይ ያሰብኩት ሁሉ ክፉ ነው። ቢያስሩኝስ? ልጆቹን ከትምህርት ቤት ማን ይቀበላል? ከእንግዲህ ማን ደረጃውን ያሳጥበኛል?

ፖሊስ ጣቢያ ስገባ ዕብራይስጡ ሁሉ ጠፋኝ። ማሩ አስተረጎመልኝ። የቀሩት ከረጢቶቼ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። ፖሊሷ ወረቀቴን አንስታ «ትናንት ስንደውልልሽ የት ነበርሽ?» አለችኝ። ቃሌን ጻፈች፤ ሁለተኛ ብታደርጊው ክስ ነው አለችኝ። ገዳሙን እንዳትጠረጥሩ ብዬ ለመንኳት። ዛሬውኑ እነግራቸዋለሁ አለች። ስለኔ ግን «እናሳውቅሻለን» ብቻ ነው ያለችው።

ዓርብ

ስልኩን መልሼ ሰካሁት። የሰንበት ምግብ እያዘጋጀሁ ጠራ። እጄን ጠርጌ አነሳሁት።

አንዲት አሮጊት ናት። ከረጢቱ የተተኮሰበት ሕንፃ ነዋሪ። ፖሊስ የጠራችው እሷ ነበረች። ትናንት ነገሩን ከፖሊስ ስትሰማ ገዳሙ ድረስ ሄዳ መነኮሳቱን ይቅርታ ጠየቀች፤ ረቡዕ የተውኩላቸውን ስልኬን የሰጧት እማሆይ ናቸው። የመግቢያው ግድግዳና ደረጃው ሁሉ በሳሙናሽ አረንጓዴ ሆኗል፣ መጥተሽ ታጥቢዋለሽ ወይ አለችኝ። እሺ አልኳት።

አልዘጋችውም። «ስትሰቅዪው ፈርተሽ ነበር?» አለችኝ።

«አዎ፤ እንዳታባርሩኝ ፈርቼ ነበር።»

«ስትሰቅዪው በመስኮት አይቼሽ ነበር» አለች። «ወርጄ ማን ነሽ ልልሽ እኔም ፈራሁ።»



ለእሑድ ቀጠረችኝ። ማሩ እስከ በሩ ልሸኝሽ ብሏል። ይሸኘኝ፤ ያንን በር ብቻዬን ማንኳኳት ገና አልችልም።