የጎሚስታው ክንድ

ግርሜ ሆዴ፣

እንዴት ሰነበትክ ልበልህ ወይስ ነፍስህን ይማር? ሁለቱንም ብያለሁ። ከተለየኸን ይኸው ዓመት አለፈ፤ ሙት ዓመትህንም አወጣን። ዛሬ እሁድ ነው። ጎሚስታ ቤቱን ዘግቼ፣ እግሬን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ ነው የምጽፍልህ። ደክሞኛል። ለሌላ ሰው ብናገር ወይ ያዝንልኛል ወይ ይመክረኛል። አንተ ግን ዝም ብለህ ትሰማለህ፤ ድሮም እንደዚያው ነበርክ።

የቤቱን ልንገርህ። ልጃችን ሲፈን ቁመቷ ተመዞ ያንተን ጃኬት ትለብሳለች። ጣራውም እንደሚያፈስ ያፈሳል። ከአምቦ ወደ ጉደር መውጫው ላይ ያለችው ጎሚስታ ቤታችን ግን ልትሄድብን ነበር። ወንድምህ ጋሽ ታደሰ ገና ሠልስትህ በቅጡ ሳይወጣ፣ ጎማ መፍታት የሴት ሥራ አይደለም፣ ለሚችል ሰው እናከራየው አሉ። እኔም ሙት ዓመቱ እስኪወጣ ይታገሡኝ፣ ካቃተኝ ቁልፉን ራሴ አመጣለሁ አልኳቸው። ይኼ አፌ መቼ ያርፋል! ግን ሌላ ምን አውቃለሁ? ስንት ዓመት ጎንህ ሆኜ የተበሳ ካላማዳሪ ውሃ ውስጥ እየነከርኩ፣ ማስቲሽ እየቀባሁ የኖርኩ ሰው ነኝ። ደግሞም ያቺ ቤት ከሄደች ወንበርህም፣ ድምፅህም አብሮ የሚሄድብኝ መሰለኝ።

ሥራውንስ አውቀዋለሁ፤ ያቃተው እጄ ነው። ዳዶውን መፍቻው ላይ ቆሜም ቢሆን እፈታለሁ። ጎማውን ከቸርኬው ለማላቀቅ ግን ብረቱን ጨምድዶ መያዝ ይጠይቃል። መሃል ላይ ጣቶቼ ይከፈቱና ያመልጠኛል። አንድ ቀን ተፈናጥሮ ቅንድቤን ሰነጠቀኝ። ሾፌሩ አዝኖልኝ ጎማውን ራሱ ጨረሰና ሄደ፤ ተመልሶም አልመጣም።

ያን ጊዜ ነው ያቺ የእጅ ማጠንከሪያ ስፕሪንግህ ትዝ ያለችኝ። ከመርካቶ ገዝተህ ያመጣሃት፣ ሁለት እጀታ ያላት፣ ደንበኛ እስኪመጣ በሩ ላይ ተቀምጠህ ስትጨምቃት የምትውለው። ሰው ጫት ይቅማል፣ የኔ ባል ሽቦ ያላምጣል እያልኩ ስንቴ ሳቅሁብህ! አንተ ደግሞ ትምህርትህን ትጀምራለህ፤ ቁም ነገሩ መዝጋቱ አይደለም፣ ክንድ የሚያወጣው ቀስ ብሎ መልቀቁ ነው ትላለህ። እጅህ ሁልጊዜ ጥቁር በጥቁር ስለሆነ ሰው ሁሉ ሰላም የሚልህ ክንድህን ይዞ ነበር። አምቦ የሚያውቅህ በእሱ ነው። እጅህ እንዲያ በርትቶ ልብህ ቀድሞህ መድከሙ እስከ ዛሬ አይገባኝም።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይሉ የለ፣ ከተሰቀለችበት ምስማር አውርጄ ጀመርኩ። መጀመሪያ ንቅንቅም አላለች። በሁለት እጄ ዘግቼ በአንዱ ቀስ እያልኩ መልቀቅ ያዝኩ፣ እንዳልከው። ማታ እንጀራ ልቆርስ ስል ጣቴ አልታጠፍ ይለኛል። ሲፈን ቅባት እየቀባች ታሸኛለች። ሲብስብኝ አርፋለሁ፤ ሲሻለኝ ደግሞ እይዛታለሁ። ክረምቱ እንዲሁ አለቀ። በኋላ አንድ ቀን፣ የወንጪ መንገድ ኮረት የበላውን ጎማ ለጥፌ አረፍ ብዬ ስጨምቃት፣ ሁለቱ እጀታዎች ተነካኩና ጠቅ አሉ። ልነግርህ ወደ ወንበርህ ዞርኩ።

ለሙት ዓመትህ ቀሚሴን ብለብስ እጅጌው ክንዴ ላይ አልወጣ አለ። እህቴ ስፌቱን ተርትራ አስገባችልኝ፤ ደግሞ ይኼ የሴት ክንድ ነው ወይ እያለች ስትቆጣ ማየት ነበር። በማግስቱ ጋሽ ታደሰ የሚከራየውን ሰውዬ ይዘው መጡ። እግዜር ሲያደርግ ያን ሰዓት ኦቦ ገመቹ፣ እኚያ ከነቀምት ጭነት የሚያመላልሱት የድሮ ደንበኛህ፣ የኋላ ጎማቸው ተንፍሶ ከች አሉ። አንተ ካረፍክ ወዲህ በራችን ላይ ቆመው አያውቁም። ማንንም ሳላናግር ጎማውን አወረድኩ። ብረቱን አስገብቼ ስጫነው ተከራዩ ላግዝሽ ብሎ ተጠጋ፤ እንዳልሰማ ሆንኩ። ጣቶቼ አልተከፈቱም፣ ግርሜ። አልተከፈቱም!

ጨርሼ ቀና ስል ኦቦ ገመቹ እጃቸውን ዘረጉ። የኔ ጥቁር ስለሆነ እንዳንተ ክንዴን ሰጠኋቸው። ያዙትና ቶሎ አልለቀቁትም። ፊቴን አዩ፣ ክንዴን አዩ፣ ከዚያ በኦሮምኛ ይኼ የግርማ ክንድ ነው አሉ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። ጋሽ ታደሰ ተከራዩን ምን እንዳሉት አልሰማሁም፣ ብቻ ሰውዬው ሄደ። ጋሽ ታደሰ ራሳቸውም ሲሄዱ ክንዴን ይዘው ተሰናበቱኝ። ቁልፉን አልጠየቁኝም።

ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው። ግን ደክሞኛል። አንተ ኖረህ የኔ ክንድ እንደ ድሮው ቀጭን ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እንግዲህ ምን ይደረጋል። አላለቅስም ብዬ አልዋሽህም። አንድ ነገር ግን ቃል እገባልሃለሁ፤ ሰው ክንዴን ይዞ ሰላም ባለኝ ቁጥር ያንተንም ሰላምታ እቀበልልሃለሁ።

ስፕሪንጓ ምስማሯ ላይ ናት። ነገ ማልጄ እከፍታለሁ።

ያንተዋ አስናቁ