የቀመስኩት ማርና የተሸከምኩት ማር

ቅዳሜ፣ ጥር 17 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ ሰቆጣ

የእህቴ ልጅ ትርንጎ ለእረፍት መጥታም ኮምፒውተሯን አልዘጋችም። ከርነል በሚሉት የኮምፒውተር አስኳል ውስጥ ያለውን የፈቃድ ፍተሻ እንደ አዲስ እየነደፈች ነው። ፍላሽ ሲሰካ ፋይሎቹ ከማሽኑ ፋይሎች ጋር የሚገናኙበት በር አለ። የዛሬው አሠራር በሩ ላይ አንዴ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከተፈቀደ በኋላ፣ እስኪገናኝ ድረስ የተለወጠ ነገር ቢኖር ግን የሚያይ የለም። እሷ፣ ሲገናኝም ይጠየቅ ባይ ናት። ሐሳቧን ውጭ አገር ላሉ ገምጋሚዎች ብትልክ «በዚህ ክፍተት የተጎዳ አለ?» ብለው መለሱላት። ምሳሌ ስትፈልግ ሰንብታለች።

ዛሬ አብረን ገበያ ወጣን። ከአንዲት ነጋዴ ባልዲ ነጭ ማር ቀመስኩና ወድጄው ከነባልዲው ገዛሁት። ከአምደወርቅ የመጣ ወዳጄን ዘወር ብዬ ሰላም ስል ቆየሁ፤ ከዚያ ባልዲውን ተሸክሜ መጣሁ። ቤት ስንደርስ ትርንጎ ሳቀች።

«አጎቴ፣ የቀመሱት ይኼ መሆኑን በምን አወቁ?»

ከፍቼ ቀመስኩ። ራሱ ነው።

«ይኸው! ሴትዮዋን በከንቱ ጠረጠርሻት።»

«እሷን መቼ ጠረጠርኩ? የእርስዎን ዘወር ማለት ነው እንጂ። ለገምጋሚዎቹ ልጻፈው?»

«ጻፊው። ማሩ ያው ሆኖ መገኘቱንም ጻፊ።»

«እሱን ከጻፍኩማ ሐሳቤ ወደቀ!»

ጋዜጣ ላይ ይህን ሁሉ ዘመን የጻፍኩት የደረሰውን ነው። ሊደርስ ይችል የነበረው እንዴት ይጻፋል? ትርንጎ እስካሁን ጠረጴዛው ጋ ናት፤ የደብዳቤዋን የመጀመሪያ መስመር እየጻፈች ደጋግማ ታጠፋለች።