አባቴን አውቶቡስ ላስያዙልኝ ለክቡር አልጎሪዝም

ይድረስ፦ በየስልካችን ውስጥ ተቀምጠው ማን ምን ማየት እንዳለበት ለሚወስኑልን ለክቡር አልጎሪዝም፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንዴት እንደሰነበተ በትሕትና እጠይቃለሁ። እርግጥ እርስዎ አይታመሙም፣ አያንቀላፉም፣ አንድ ጊዜ የነካካነውንም ነገር አይረሱም። ለዚህም እቀናብዎታለሁ፤ አባቴ በመጨረሻ የገዛ ልጆቹን ስም እስከመርሳት ደርሶ ነበርና። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። የመርሳት ሕመሙ ሲጸናበት ግን ጠዋት ጠዋት ፀጉሩን አበጥሮ፣ ተረኛ ነኝ፣ በሩን ክፈቱልኝ እያለ ያስቸግረን ጀመር። ብቻውን እንዳይሆን ልብስ ስፌት ሱቄ እየወሰድኩ አጠገቤ አስቀምጠው ነበር። አንድ ቀን ጓዳ ገብቼ ዚፕ ስፈልግ ተነስቶ ወጣ። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ፈለገ፤ የለም። እኔም፣ አይ የእኔ ነገር፣ ለእርስዎ አመለከትኩ። ፎቶውን፣ ሕመሙንና የስልክ ቁጥሬን አድርጌ ለጠፍኩ። አቤቱታዬ ከዚህ ይጀምራል።

1ኛ. ማስታወቂያዬን ያሳዩት ለእህቴ፣ ለአክስቴና ባሕር ማዶ ለምትኖር የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ነው። እህቴ እንኳ አጠገቤ ቁጭ ብላ ታለቅስ ስለነበር ባይደክሙም ይቻል ነበር። የሰፈራችን ሰው በዚያች ቀን ሲያይ የዋለው አንዲት ዘፋኝ ከባሏ ጋር የተጣላችበትን ቪዲዮ እንደሆነ በኋላ ሰምቻለሁ። ለሰው ትዳር ያለዎትን ተቆርቋሪነት ሳላደንቅ አላልፍም።

2ኛ. አብራኝ የምትሠራ ሴት፣ እርስዎን ከእኔ በተሻለ የምታውቅ፣ ጠብ የሌለበት ነገር ክቡርነትዎን ደስ እንደማያሰኝ ነገረችኝ። ልጆቹ አውጥተው ጣሉት ብዬ ብጽፍ አገር ምድሩ እንደሚያየው መከረችኝ። እንዴት ተደርጎ! አባቴ ተከብሮ የኖረ ሰው ነው ብዬ እምቢ አልኩ። እኔ ያፈርኩበትን ግን አንድ የማላውቀው ሰው አላፈረበትም። ፎቶውን ከገጼ ወስዶ፣ ሕመሙንና ስልክ ቁጥሬን ቆርጦ፣ በጨካኝ ልጆቹ ከቤት የተባረረ ምስኪን አባት ብሎ ለጠፈው። ይኼኔ ክቡርነትዎ ወገብዎን ታጥቀው ተነሱ፤ ከሱቅ ሱቅ፣ ከስልክ ስልክ እየዞሩ ለከተማው ሁሉ አዳረሱልን። ሰዉም ዘር ማንዘራችንን እያነሳ ሲሰድበን ዋለ። ስድቡን ችዬዋለሁ። ሰውየው ስልክ ቁጥሬን ብቻ ቢተውልኝ ኖሮ ስድቡን እጅ ነስቼ እቀበለው ነበር።

3ኛ. አባቴ ከሱቄ ብዙም ሳይርቅ አንድ ዳቦ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ዳቦ ጋጋሪው ደግ ሰው ነው። ስልኩ ላይ የአባቴን ፊት አየ፤ ቀና ሲል ራሱን አባቴን አየው። ያነበበው ግን እርስዎ የመረጡለትን ነው። እነዚያ አረመኔ ልጆች እጅ ተመልሶ እንዳይገባ ብሎ ትኩስ ዳቦ በሻይ አበላው፤ ወዴት መሄድ እንደሚፈልግም ጠየቀው። አባቴ ሥራ እንደረፈደበት ነገረው፤ አውቶቡሶቹ የሚያድሩበትን የድሮ ዴፖም ስሙን ሳይስት ጠራለት። ጋጋሪው ክንዱን ደግፎ አውቶቡስ ላይ አወጣው፤ ትኬቱንም ቆረጠለት። ዴፖው ከተዘጋ ዓመታት አልፈዋል። ቀኑንም ሌሊቱንም ዘነበ። አባቴን ያገኙት በማግሥቱ፣ የተቆለፈው በር ሥር ተቀምጦ፣ ሞቶ ነው።

እውነተኛውን ማስታወቂያ ለጋጋሪው ያሳዩለት እኛ ከቀብር በተመለስንበት ከሰዓት ነው። ምስኪን፣ ወዲያው ደወለልኝ። እሱ የት እንዳሳፈረው ነገረኝ፤ እኔም የት እንደቀበርነው ነገርኩት። ከዚያ ወዲህ ዳቦ ቤቱን ዘግቶ እንደተኛ እሰማለሁ። በእሱ ቂም የለኝም፤ አባቴ ጠግቦ የሄደው በእሱ እጅ ነው።

ስለ ደግነትዎም ላመስግን። ሐዘኔን ከዘመዶቼ ቀድመው አውቀው፣ ልብስ ሰፊ መሆኔ ሳያግድዎት፣ የጥቁር ልብስ ማስታወቂያ በላይ በላዩ ልከውልኛል። ያ ውሸት እንዲነሳልኝ ስለምንም፣ ደንብ አልተጣሰም የሚል መልስ ዓይኔን ሳልከድን ደርሶኛል። ለውሸቱ እንዲህ ከቆሙለት፣ እውነት ብናገር ምን ያደርጉኝ ይሆን ብዬ ፈርቻለሁ። ያም ሆኖ ዛሬም የምጠይቅዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባቴ ከልጆቹ ቤት አልተባረረም፣ ይህንኑ ያንን ውሸት ላዩት ሁሉ ያሳዩልኝ።

ዓይናችንን ከእኛ በላይ እያዘዙበት ለዘለዓለም እንዲኖሩ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ፤

በክቡርነትዎ ምስክርነት አባቷን ያባረረችው፣
ልብስ ሰፊዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ማስታወቂያዬን አሁን ለሰው ማሳየት ጀምረዋል መሰለኝ። ትናንት አንዲት የማላውቃት ሴት ደውላ፣ አባትሽን የመሰሉ ሽማግሌ ደጄ ተቀምጠዋል፣ ሳይሄዱ ቶሎ ድረሽ አለችኝ። አባቴን አልቅሼ ቀብሬዋለሁ። ቢሆንም ነጠላ ጫማዬን እንኳ ሳላጠልቅ መንገድ አጋምሼ ነበር።