ከጀርባ ወይስ ከፊት

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 4
የሂሳብ ፈተና ነበር። አልከበደኝም።
እቤት ስደርስ እናቴ የእህቴን የቦግናን የውሃ መጥለቂያ ልብስ በረንዳ ላይ ሰቅላዋለች። እጅጌው በነፋስ ሲወዛወዝ ከሩቅ 'ና' የምትለኝ መሰለኝ… ከሞተች ሁለት ወር ሊሆናት ነው።
"ልበሰው እንጂ ታዴክ። ካንተ ሌላ ማን ይለብሰዋል?"
ሞከርኩት። ትከሻው አልደርስ አለ፤ እንደ ሽማግሌ ጎብጬ ቀረሁ። እናቴ ሳቀች። ሰማኋት፣ ሳቀች።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 6
የጠላቂዎች ክበባችንን የሚመራው አጎቴ ገርቫዚ ለአዲስ ልብስ ለካኝ።
"ዚፑ ከጀርባ ይሁን ከፊት?"
"ከፊት።"
"ቶሎ መለስክ። የጀርባው እኮ ስትጎነብስ አይቆረቁርም። እኔ ሠላሳ ዓመት…"
"የጀርባውን ማን ይዘጋልኛል?"
ሜትሩን አንገቴ ላይ ጠመጠመ። "አንገትህ የዝይ ነው" አለኝ።
የክበቡን አሮጌ ልብስ ስለብስ ቦግና ነበረች የምትዘጋልኝ። እኔ ደግሞ የሷን። ስትጨርስ ትከሻዬን ሁለቴ መታ መታ… ዝግ ነህ ማለቷ ነው።

እሑድ፣ ኤፕሪል 7
ከፊት ከሆነ ማንንም አልለምንም። ጥሩ አይደል? ጥሩ ነው።

ማክሰኞ፣ ሜይ 14
መጣ! ዚፑ ከግራ ትከሻ እስከ ቀኝ ዳሌ ይወርዳል። ሁለት ነው፦ ውስጠኛው ውሃ ይከለክላል፣ የላዩ እሱን ይሸፍናል። ስድስት ጊዜ ለበስኩ፣ አወለቅኩ። ብቻዬን።
"እራትም እንደዚያው ሆነህ ነው?" አለች እናቴ።
እንደዚያው ሆኜ በላሁ።

ቅዳሜ፣ ሜይ 18
የምንጠልቅበት ውሃ የሞላው የድንጋይ ካባ። የውሃው ቅዝቃዜ…
"ዚፑን ልየው?" አለኝ አጎቴ ገርቫዚ።
"ዘግቻለሁ።"
የዘጋሁት የላዩን ነው። የላዩን ብቻ። ወገቤ ድረስ ስገባ በረዶ የሆነ ውሃ በዳሌዬ ገብቶ እግሬን ሞላው። እንደ ሁለት ባልዲ እየተንቦጫረቅኩ ወጣሁ።
"ቆይ፣ አትድፋው" አለ አጎቴ ገርቫዚ፣ "ዓሣ ይኖረዋል።"
ሁሉም ሳቀ። እኔም ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ። መቼ ነበር እንዲህ የሳቅኩት?
በኋላ ለብቻችን ስንሆን፣ "ጥፋቱ የኔም ነው" አለኝ። "ቃልህን አምኜ መተው አልነበረብኝም። ዚፕ በራስህ ትዘጋለህ፤ የሚያየው ግን ሌላ ሰው ነው።"
የክበቡ ሕግ ደግሞ አይቀርም፦ ልብሱ ውስጥ ውሃ ያስገባ በሚቀጥለው ቅዳሜ ቦምቦሊኖ ያበላል። ቦግና ሦስት ጊዜ አብልታናለች።

ማክሰኞ፣ ሜይ 21
ማልቪና ለክበቡ አዲስ ናት። ልብስ የላትም። ቁመቷ ልክ የቦግና…
እናቴ ሊጥ እያቦካች ነበር። "ለማልቪና ብንሰጣትስ?" አልኳት። እጇ ቆመ። ከዚያ ማቡካቷን ቀጠለች።
"ልብስ ተሰቅሎ ምን ያደርጋል?" አለች።

ቅዳሜ፣ ሜይ 25
አርባ ቦምቦሊኖ፣ ውስጡ የጽጌረዳ ማርማላታ። እናቴ ራሷ ይዛው መጣች። ቦግና ከሞተች ወዲህ የድንጋይ ካባውን ስታይ የመጀመሪያዋ ነው።
ማልቪና የቦግናን ልብስ ለብሳ ጀርባዋን ሰጠችኝ። "ዝጋልኝ፣ እጄ አይደርስም።"
ዚፑ እንዲንሸራተት በሻማ አሸሁት፣ ቦግና እንደምታደርገው። ከትከሻ እስከ ትከሻ ቀስ ብዬ ሳብኩት። ጫፉን በጣቴ ዳሰስኩ። ከዚያ እጄ ሳላዘው ትከሻዋን ሁለቴ መታ መታ አደረገ።
"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"
"ዝግ ነሽ ማለት ነው።"
"አንተስ?"
የላዩን ዚፕ ከፈትኩላት። ውስጠኛውን እስከ መጨረሻው በጣቷ ተከተለችው፣ ከዚያ ትከሻዬን ሁለቴ መታችኝ። እጇ ከባድ ነው። እናቴ ከዳር ቆማ ታየን ነበር፣ ከንፈሯ ላይ ስኳር አለ።
ሃያ ሁለት ደቂቃ ውሃ ውስጥ ቆየን። ካልሲዬ እንኳ አልራሰም።
ስንወጣ ቦምቦሊኖው አልቋል። አንድም አላስቀሩልንም።