በእማዬና በቄሱ መካከል

ለምትናፍቀኝ ወንድሜ ለለሊሳ፣

እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? የአሶሳ ሙቀት ዘንድሮም አላስተኛ አለህ ወይስ ለመድከው? ራኬብን ወገቧን ተሻላት? ፊሊሞንስ ጥርስ አወጣ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ደህና ነን ብዬ ልዋሽህ ግን አልፈልግም፤ ፈርቻለሁ።

የእማዬ የሆድ ዕጢ በኦፕራሲዮን ይውጣ ተብሏል። ቀጠሮዋ ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት፣ ሐሙስ ነው። እሷን ያስጨነቃት ግን ቢላዋው ሳይሆን ንስሐ ሳልገባ እሞታለሁ የሚለው ነው። የንስሐ አባታችን አባ መዝገቡ ካረፉ ወዲህ ለማንም ተናዝዛ አታውቅም። አዲሱ የንስሐ አባታችን ቄስ ቶማስ ደግ ሰው ናቸው፤ ኦሮምኛ ግን አይችሉም። እማዬ እንደሆነች ዊንጌት ሰፈር ካሉት ነጋዴዎች ጋር በአማርኛ ተከራክራ የምትረታ ሴት ናት። ኃጢአቷን በአማርኛ ተናገሪ ስትባል ግን አፏ ይያዛል። «በአማርኛ ስለው የሌላ ሰው ኃጢአት ይመስለኛል» አለችኝ።

እንጦጦ ማርያም ድረስ ወጥቼ አንድ ኦሮምኛ የሚችሉ ካህን አፈላልጌ ነበር፤ ለበዓሉ አገራቸው ገብተዋል። ይሄኔ እማዬ «አንቺ አለሽ አይደል፣ አስተርጉሚልኝ» አትለኝም! የገዛ እናቷን ኃጢአት መስማት የምትፈልግ ልጅ የት አለች? ቄሱ እንዲከለክሉ እየተመኘሁ ነገርኳቸው። እሳቸው ግን ይቻላል አሉ። የሰማሁትን ለባሌም ለወንድሜም ትንፍሽ እንዳልል አጥብቀው አስጠነቀቁኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤት መጡና ጸሎት አደረጉ። መጀመሪያ ጾም መሻሯን፣ ከጎረቤት መኳረፏን ስትናገር ሳቄ ሁሉ መጥቶ ነበር። ቀጥሎ ድምጿ ዝቅ አለ። የተናገረችውን ልመልስ ስል አማርኛው ጠፋኝ። ቄስ ቶማስ «ልጄ፣ አትጨምሪ አትቀንሺ፤ እሷ ያለችውን ብቻ በይ» አሉኝ። አልኩት።

ምን እንዳለች አልነግርህም፣ አንተም አትጠይቀኝ። የምነግርህ ራሷ ንገሪው ያለችኝን ብቻ ነው፤ ኦፕራሲዮን ሳልገባ ለሊሳ ይምጣልኝ፣ በአፌ የምነግረው አለኝ ብላለች። አንተን ሳታይ እንደማትቆርብም ቁርጡን ተናግራለች። ቄሱ ሲሄዱ አለቀሰች፤ ከዚያ ስንት ጊዜ እምቢ ያለችውን ምሳ በላች። ፊቷ ሲፈታ ሳይ ንስሐ ለምን እንደተሠራ የገባኝ መሰለኝ። እሷን ሲቀላት እኔን ግን ከበደኝ። ሥራ ቦታ እንኳ ሰው ስሜን ሲጠራ እደነግጣለሁ።

ለሊሳዬ፣ እባክህ ና። የምትልህን ስትሰማ ፊትህን እንዳታዞርባት። ከኦፕራሲዮኑ ይልቅ የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

ለራኬብ እኅቴ ሰላምታዬ ይድረሳት። ፊሊሞንን ሁለት ጉንጩን ሳምልኝ። አብረዋችሁ ላሉት ለአማትህ ለእማማ ታየች፣ ለእማዬ እንዲጸልዩላት ንገርልኝ። እማዬ በብዙ ናፍቆት ሰላም ትላችኋለች፤ ባሌ ጀቤሳም እንዲሁ።

መናኸሪያ ልቀበልህ አልወጣም፤ አትቀየመኝ። መደወሉን ትቼ ይህን አሶሳ በሚመላለሰው ሾፌር በጉታ እጅ የላክሁትም ለዚሁ ነው። አንተ ድምፄንም ፊቴንም ታውቃለህ። እሷ ሳትነግርህ ከእኔ ላይ ታነበዋለህ ብዬ ፈርቼ ነው።

እኅትህ ሃዊ
ጉለሌ፣ አዲስ አበባ
ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.