የአያቴ ሳል

ሰኞ፣ ኅዳር 8
...ያኔ አያቴን ሳል ይይዛቸዋል። ተበላ በምትባለው ከተማ ገበያ ላይ የማያውቃቸው ሰው እንደ ወላይታ ወግ ጎሳቸውን ሲጠይቃቸው። ያስላሉ፣ ያስላሉ፣ ከዚያ የእናታቸውን ጎሳ ይናገራሉ። ጎሳ በአባት እንደሆነ እያወቁ። እኔ እጃቸውን ይዤ እሰማለሁ።

ለምን ዛሬ ትዝ አሉኝ? 10ኛ ለ፣ 3ኛ ክ/ጊዜ። ትምህርቱ፦ የሸዋ ጦር ወላይታን የያዘበት ዘመን። እያንዳንዱ ተነስቶ ጎሳውን ይናገር አልኩ። ጥሩ መግቢያ መስሎኝ። ሰሚራ ጋ ደረሰ። አባቷ ከስልጤ የመጡ፣ መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ ያላቸው። ተነሳች። «እኛ...» ብላ ቆመች።
«እሷማ የሱቅ ጎሳ ናት!» አለ ምናሴ። ክፍሉ ሳቀ።
ጥፋቱ የእኔ ነው። ማን ጠይቂ አለኝ?
ምናሴ አላበቃም። «ቲቸር፣ ያንቺስ?»
አሳለኝ። የአያቴን እናት ጎሳ ተናገርኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10
ሰሚራ ሁለት ቀን ቀረች። የቤት ሥራውን ቀየርኩ። ጎሳ የለም። ቤት ያለውን ትልቅ ሰው ጠይቁ፦ እኛ እዚህ እንዴት ተገኘን? አንድ ገጽ። እኔም እጽፋለሁ አልኳቸው። ምን ነካኝ?

ዓርብ፣ ኅዳር 12
ሰሚራ መጣች። አያቷ መርፌና ጨው ተሸክመው በእግር ገብተዋል፤ አንዲት የጉኑኖ መንደር ሴት ቆጮ አብልታ አሳድራቸዋለች። ስሟን ቤተሰቡ እስከ ዛሬ ይጠራል።
ምናሴ አልቀለደም። የእሱ ገጽ፦ የቅድመ አያቱን እህት የሸዋው ጦር ማርኮ ወሰዳት። አልተመለሰችም።
የእኔ ገጽ ባዶ ነው፣ ማስታወሻዬ። አንተ ብቻ ታውቃለህ።

ሰኞ፣ ኅዳር 15
ርዕሰ መምህሩ (ር/መ) ጠሩኝ። አንድ ወላጅ ከስሰውኛል፤ ቁስል ትነካካለች ብለው። የልጆቹን ገጾች ላስረክብ። ከመጽሐፉ ውጭ እንደማላስተምር ልፈርም። ካልሆነ ልዛወር፤ ሩቁ ዲምቱ መምህር ይፈልጋል።
«እህቴ፣ ልጆቹ አንድ እንዲሆኑ እኮ ነው» አሉ፣ በለሰለሰ ድምፅ።
ዝም ያለ ክፍል አንድ አይደለም አልኩ። ወረቀቱን ሳልፈርም ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። እስከ ነገ ሰጡኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16፣ ጠዋት 1፡30
ጻፍኩት። የአያቴ አባት ከጦሩ ጋር መጣ። ጠመንጃ ይዞ። መሬት ተሰጠው፤ ባለመሬቶቹ ገባሮቹ ሆኑ። ከመካከላቸው አንዲት ልጅ አገባ። ወድዳ ይሁን ተገድዳ የነገረኝ የለም። ልጇ፣ አያቴ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ አሳሉ።
ዛሬ አነበዋለሁ። ምናሴ ፊት። ይጥላኝ። አውቆ ይጥላኝ።
የር/መ ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ነው። አልተፈረመም። ገጾቹም አብረውኝ ናቸው። አልሰጥም።

4፡10፣ ክፍል ውስጥ
ልጆቹ እየተቀመጡ ነው። የር/መ ጫማ ኮሪደሩ ላይ ይሰማል። ቀረበ። ገጼን አወጣሁ። «ምናሴ፣ በሩን» አልኩት። ተነሳ። ወደ ውጭ አየ፣ እኔን አየ።
ዘጋው።